ካጋዋን ለጊዜው እንተወው

የጃፓን ኳስ ሲነሳ እኛ ሰፈር መጀመሪያ የሚጠራው ካጋዋ ነው። አይፈረድም። ከተማው የማንቼ ደጋፊ ሞልቶበታል፤ የዩናይትድን ማሊያ ለብሶ ኖርዊች ላይ ሦስት ያገባ ሰው በቀላሉ አይረሳም። አርሴናሎች ቶሚያሱን ይጠራሉ፤ ጠርተውም ስለ ጉዳቱ ይተክዛሉ። ሊቨርፑሎች ዋታሩ ኤንዶ ይላሉ። ሌስተር ዋንጫ የበላበትን ዓመት የሚያስታውስ ደግሞ ኦካዛኪ ኒውካስል ላይ ያስቆጠራትን የመቀስ ምት ሳያነሳ አያልፍም። ሁሉም የሚያወራው ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ ስላየው ተጫዋች ነው።

የጃፓን የምንጊዜም ታላቅ ማነው ሲባል ግን የኔ ሚዛን ሌላ ነው። እኔ የማየው ሰማያዊውን ማሊያ ነው። ለብሔራዊ ቡድኑ ምን ሠራ? ቡድኑን ከየት አንስቶ የት አደረሰው? አውሮፓ ሄዶ ዋንጫ ማንሳት ትልቅ ነገር ነው፤ ትርፉ ግን በአብዛኛው የክለቡ ነው። ዶርትሙንድ ካጋዋን በ2010 በ350 ሺህ ዩሮ ገዝቶ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኗል። በነጻ ወሰደው ማለት ይቻላል። በ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ ግን ካጋዋ 10 ቁጥር ለብሶ ሄደና በሁለተኛው ጨዋታ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጃፓንም አንድ ነጥብ ይዛ ተመለሰች። 97 ጨዋታ፣ 31 ጎል። ጥሩ ነው። ለዚህ ክርክር ግን አይበቃም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ካጋዋን ካነሳን ዘንድ፣ የጎሉን መዝገብ ከላይ የያዘው ሰው አውሮፓ ውስጥ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተጫወተም። ኩኒሺጌ ካማሞቶ ይባላል። በ1944 ኪዮቶ ተወለደ፤ ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ከዚያ ያንማር ዲዝል ገባ። ያንማር የሞተር ፋብሪካ ነው። የዚያን ጊዜ የጃፓን ኳስ የኩባንያ ኳስ ነበር፤ ያንማር፣ ሚትሱቢሺ፣ ፉሩካዋ፣ ሂታቺ። መብራት ኃይልን፣ መድንን፣ ባንክን እያየ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ተጫዋቹ የድርጅቱ ሠራተኛ ነው። ካማሞቶም ጫማ እስኪሰቅል ድረስ ከያንማር አልወጣም። በሊጉ 202 ጎል አገባ፤ ሰባት ጊዜ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ።

ለብሔራዊ ቡድኑ ያለው ቁጥር ደግሞ ይኸውና፦ በጃፓን እግር ኳስ ማኅበር መዝገብ 76 ጨዋታ፣ 75 ጎል። ሁለተኛው ካዙዮሺ ሚዩራ 55 አለው። ሦስተኛው ኦካዛኪ 50። ጃፓን ከ1993 ጀምሮ ፕሮፌሽናል ሊግ አላት፤ ተጫዋቾቿ አውሮፓን ሞልተውታል፤ በዓመት የሚደረገው ጨዋታ በዝቷል። ያም ሆኖ የፋብሪካውን ሰው የሚጠጋ አልተገኘም።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። "ማን ላይ ነው ያገባው?" ይባላል። እውነት ነው፤ በ1967 ጃፓን ፊሊፒንስን 15 ለ 0 ስትረመርም ስድስቱ የሱ ነበሩ። እንዲህ ያለ ጨዋታ ቁጥር ያሳብጣል። ግን ከአንድ ዓመት በኋላ የሆነውንስ ምን ልንለው ነው?

1968፣ ሜክሲኮ ኦሎምፒክ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር ነው። 3 ለ 1፤ ሦስቱም የካማሞቶ። ከብራዚል ጋር አቻ፣ ከስፔን ጋር አቻ። ሩብ ፍጻሜ ላይ ፈረንሳይ 3 ለ 1፤ ሁለቱ የሱ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሃንጋሪ 5 ለ 0 አሸማቀቀቻቸው። ከዚያ ለነሐሱ ከባለሜዳዋ ሜክሲኮ ጋር አዝቴካ ላይ ወረዱ። አልጋ ባልጋ አልነበረም፤ አገሩ የነሱ፣ አየሩ የነሱ፣ ደጋፊው የነሱ። የግራ ክንፉ ሪዩኢቺ ሱጊያማ ሁለት ጊዜ አሻገረለት። ካማሞቶ ሁለት ጊዜ አገባ። ሁለቱም ከእረፍት በፊት። ከእረፍት መልስ ሜክሲኮ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች፤ ግብ ጠባቂው ዮኮያማ አዳነው። በመጨረሻ የራሷ የሜክሲኮ ደጋፊ በቡድኑ ተናዶ መቀመጫ ትራሱን ሜዳ ላይ እየወረወረ ለጃፓን መጨፈር ጀመረ። ካማሞቶ በሰባት ጎል የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ።

በዚያው ሳምንት፣ በዚያችው ከተማ፣ የኛው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸንፏል። አበበ ቢቂላ አቋርጦ ወጥቶ ነበር። ማሞን ተከትሎ ሁለተኛ የገባው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ ነው። የነሐሱ ጨዋታ የተደረገው ከማራቶኑ አራት ቀን በኋላ ነው። እኛ ያንን ኦሎምፒክ በማሞ ብቻ ነው የምናስታውሰው፤ ጃፓኖች ደግሞ ከኪሚሃራ ቀጥለው ካማሞቶን ያነሳሉ።

በኦሎምፒክ ምዕራብ አውሮፓዎቹ ፕሮፌሽናሎቻቸውን አላሰለፉም፤ ይሄንንም አልክድም። የጃፓኑ ካማሞቶ ግን እሱም አማተር ነበር! የቡድኑ መሠረት የተጣለው በ1960 ነው፤ ጃፓን ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ዝግጅት ዴትማር ክራመር የሚባል ጀርመናዊ አሰልጣኝ ያስመጣችው ያኔ ነው። ክራመር ኳስ ማቆምና ማቀበልን ከሀ ሁ ጀምሮ አስተማራቸው፤ ቋሚ ሊግ አቋቁሙ ብሎም ወተወታቸው። ሊጉ በ1965 ተጀመረ። የሜክሲኮው ነሐስ የዚያ ፍሬ ነው።

ካማሞቶ ራሱ በ1968 መጀመሪያ ጀርመን፣ ዛርብሩከን ሄዶ ሰልጥኖ ነበር። የአውሮፓ በር የተከፈተለት ይመስል ነበር። በ1969 የጉበት በሽታ ያዘው። ለ1970 ዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ሳይደርስ ቀረ። ጃፓንም ሳታልፍ ቀረች፤ ከዚያ በኋላም ለዓለም ዋንጫ 28 ዓመት ጠበቀች። በ1984 የስንብት ጨዋታው ላይ ፔሌ ተገኝቶለታል። በነሐሴ 2025፣ በ81 ዓመቱ አረፈ። የአዲስ አበባ የስፖርት ሬዲዮ በዚያን ሳምንት ስለ ዝውውር መስኮቱ ሲያወራ ውሏል።

ሚዩራን፣ እነሱ "ካዙ" የሚሉትን፣ ሳስብ ሁሌ አንድ ምስል ነው የሚመጣብኝ። ኅዳር 1997፣ ማሌዥያ፣ ጆሆር ባሩ። ጃፓን ከኢራን ጋር፣ አሸናፊው ወደ 1998ቱ ዓለም ዋንጫ የሚያልፍበት ጨዋታ። ጃፓን 2 ለ 1 እየተመራች ነው። አሰልጣኝ ኦካዳ ሁለቱን አጥቂዎች በአንዴ ሊቀይር ነው። ካዙ ቁጥሩን ሲያይ ጣቱን ወደ ደረቱ አድርጎ "እኔን ነው?" የሚል ምልክት አሳየ። አዎ፣ አንተን።

ይሄ ሰው በ15 ዓመቱ ብቻውን ብራዚል ሄዶ ኳስ የተማረ፣ ሳንቶስ የተጫወተ፣ ተመልሶ አዲሱን ሊግ ያደመቀ፣ በ1992 ጃፓንን ለመጀመሪያ ጊዜ የእስያ ሻምፒዮን ያደረገ ነው። በ1993 ዶሃ ላይ ኢራቅን ቢያሸንፉ ወደ 1994ቱ ዓለም ዋንጫ ያልፉ ነበር። ካዙ ገና በጠዋቱ አገባ። 2 ለ 1 እየመሩ ባከነ ሰዓት ውስጥ ገቡ። ኢራቅ የማዕዘን ምት አገኘች፤ በጭንቅላት ተገጨና ገባ። 2 ለ 2። ተጫዋቾቹ ባሉበት ተዘረሩ። ያ ማታ ሜዳ ላይ ከነበሩት አንዱ ሃጂሜ ሞሪያሱ ነው፤ በ2022 አሰልጣኝ ሆኖ እዚያው ኳታር ተመልሶ ጀርመንንና ስፔንን ያሸነፈው ሰውዬ። ለሱ ተመላሽ ተገኘለት። ለካዙ አልተገኘም። ጆሆር ባሩ ላይ ጃፓን ያለ እሱ አሸነፈች። በሰኔ 1998፣ ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ኦካዳ ስዊዘርላንድ ካምፕ ውስጥ ከዝርዝሩ ሰረዘው። ፀጉሩን ነጭ ብጫ ቀብቶ አገሩ ገባ። 89 ጨዋታ፣ 55 ጎል፣ ዜሮ ዓለም ዋንጫ። ዕድሜው 55 ካለፈ በኋላ እንኳን ፖርቱጋል ሄዶ ሲጫወት ነበር። ሰው ሲስቅበት እሰማለሁ። እኔ አይስቀኝም።

ያለ እሱ አሸነፈች ስል፣ ያሸነፈላት ደግሞ አለ። ሂዴቶሺ ናካታ ያኔ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ሦስቱም ጎል ከሱ እግር የተነሱ ናቸው። መጀመሪያ ለናካያማ አሾልኮ ሰጠ። ሁለተኛው ላይ ጆ በጭንቅላት እንዲያስገባ አሻገረ። ተጨማሪ ሰዓት ላይ መጀመሪያ ያገባ የሚያሸንፍበት የወርቃማ ጎል ዘመን ነበርና፣ ተጨማሪ ሰዓት ሊያልቅ ሲል ኳሷን ይዞ ከመሀል ተነሳ፤ ወደ ጎል መታ፤ ግብ ጠባቂው ተፋው፤ ኦካኖ ተንሸራትቶ አገባው። 3 ለ 2። ጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ አለፈች።

ስለ ናካታ የሚጽፍ ሁሉ ግን ወደ ሮማ ነው የሚሮጠው። እኔም ብሆን እወዳታለሁ ያቺን የግንቦት 2001 ጨዋታ። ጁቬንቱስ 2 ለ 0 እየመራ ቶቲ ወጥቶ ናካታ ገባ። ከሩቅ ለግቶ አንድ አገባ። ቀጥሎ የመታውን ግብ ጠባቂው ሲተፋው ሞንቴላ አቻ አደረገው። ሮማ በዚያ ዓመት ስኩዴቶውን፣ የጣሊያን ሊግ ዋንጫን፣ ወሰደ። ለፔሩጃ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታውም ያንኑ ጁቬንቱስ ላይ ሁለት አግብቶ ነበር፤ የቱሪን ሰዎች ምን እንዳደረጉት እንጃ። የሱ መንገድ ለኋለኞቹ መንገድ ሆነ ይባላል፤ ልክ ነው። ግን ኦኩዴራ የሚባል ሰው በ1977 ኮሎኝ ገብቶ ቡንደስሊጋውንና ዋንጫውን በአንድ ዓመት ውስጥ እንደበላ መርሳት አይገባም። ከናካታ 20 ዓመት ይቀድማል። እሱን ማንም አያነሳውም፤ ያኔ ቴሌቪዥን ስላልነበረን ነው መሰለኝ።

ናካታ በ29 ዓመቱ አቆመ። ጀርመን 2006፣ ዶርትሙንድ፣ ብራዚል 4 ለ 1 ካሸነፈቻቸው በኋላ ሜዳው መሀል በጀርባው ተኛ። ማሊያውን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ጓደኞቹ ገብተዋል፣ ደጋፊው እየወጣ ነው፤ እሱ አልተነሳም። ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ በራሱ ድረ ገጽ መጫወት በቃኝ አለ። ከዚያ ዓለምን ዞረ፤ አሁን ሳኬ የሚባለውን የጃፓን የሩዝ መጠጥ ይነግዳል። 77 ጨዋታ፣ 11 ጎል።

ሹንሱኬ ናካሙራን ባጭሩ ልለፈው፤ ቅጣት ምቱ ግን የሚታለፍ አይደለም። በ2006 ሴልቲክ ፓርክ ላይ ቫን ደር ሳርን ቆሞ ያስቀረችውን የግራ እግር ምት ያየ የዩናይትድ ደጋፊ እስካሁን ሆዱን ይቆርጠዋል። በዓለም ዋንጫ ግን አልቀናውም። አገሩ ባዘጋጀችው በ2002 ጭራሽ አልተመረጠም።

ኬይሱኬ ሆንዳ ላይ ትንሽ ቂም አለኝ። በ2010 ዓለም ዋንጫው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጣ ብለን ካሜሩንን ስንደግፍ ያገባብን እሱ ነው። በ2014 ኮትዲቯር ላይ አገባ። በ2018 ሴኔጋል ላይ አገባ። የዓለም ዋንጫ ጎሎቹ አራት ናቸው፤ ሦስቱ አፍሪካውያን ላይ! የቀረችው ዴንማርክ ላይ ከሩቅ የመታት ቅጣት ምት ናት። ቂሜን ወደ ጎን ስተወው ግን፣ በሦስት የተለያዩ የዓለም ዋንጫዎች ማግባት ለጃፓን ወንዶች እሱ የጀመረው ነገር ነው። ልጅ ሳለ የጋምባ ኦሳካ ታዳጊ ቡድን ወደ ቀጣዩ ደረጃ አላሳልፍም ብሎት ነበር። ናካሙራንም ዮኮሃማ እንደዚሁ አድርጎት ነበር። ሁለቱም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኳስ ገብተው ነው የተመለሱት። በጃፓን ከአካዳሚ የወደቀ ልጅ በትምህርት ቤት በኩል የሚነሳበት በር አለው። ይሄ ነገር ለብቻው ብዙ ያስጽፋል።

እስካሁን የቆጠርኳቸው ሁሉ ወንዶች ናቸው። የዓለም ዋንጫ የያዘ ግን በመካከላቸው የለም።

ሆማሬ ሳዋ ይዛለች። በ15 ዓመቷ፣ በ1993፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰልፋ አራት ጎል አገባች። ከ1995 እስከ 2015 በስድስት የዓለም ዋንጫዎች ተጫወተች። 205 ጨዋታ፣ 83 ጎል፤ አማካይ ሆና! በዚያ ሁሉ ዘመን የጃፓን ሴቶች ኳስ ገንዘብ አልነበረውም። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ቀን ሥራ ውለው ማታ ነው የሚለማመዱት። በ2008 ቤጂንግ ለታናናሾቿ፣ ሲከብዳችሁ የኔን ጀርባ እያያችሁ ሩጡ እንዳለቻቸው ይነገራል። ሌላ ሰው ቢለው ጉራ ይመስላል።

2011ን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በመጋቢት የመሬት መንቀጥቀጡና ሱናሚው መጣ፤ የፉኩሺማ የኑክሌር አደጋ ሆነ። በሰኔ መጨረሻ የጀርመኑ ዓለም ዋንጫ ተጀመረ። ሩብ ፍጻሜ ላይ የደረሰቻቸው ጀርመን ነች፤ ባለሜዳ፣ የሁለት ተከታታይ ዋንጫ ባለቤት። አሰልጣኝ ሳሳኪ ከጨዋታው በፊት የአደጋውን ፎቶዎች አሳያቸው። 0 ለ 0 ሆኖ ተጨማሪ ሰዓት ተገባ። በ108ኛው ደቂቃ ሳዋ ከተከላካዮቹ ኋላ ኳስ አንጠልጥላ ጣለች። ካሪና ማሩያማ ሮጣ ደርሳ ከጠባብ ማዕዘን አገባችው። ማሩያማ ቀደም ሲል የኤሌክትሪክ ኩባንያው ቡድን ተጫዋች ነበረች፤ የምትሠራውም እዚያው ፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ ነበር። ይሄን ዓይነት ነገር ልብ ወለድ ላይ ብናነበው አይመስልም እንላለን።

ፍጻሜው ፍራንክፈርት፣ ሐምሌ 17፣ ከአሜሪካ ጋር። ጃፓን ከዚያ በፊት አሜሪካን አንድም ቀን አሸንፋ አታውቅም። አሜሪካ ሁለት ጊዜ መራች። ሁለተኛውን ዋምባክ በ104ኛው ደቂቃ በጭንቅላቷ ስታስገባ ያለቀ ነበር የሚመስለው። 117ኛው ደቂቃ ላይ የማዕዘን ምት ተገኘ። አያ ሚያማ መታችው፤ ዝቅ ያለ፣ ወደ ቅርቡ ቋሚ። ሳዋ ከኋላ ተነስታ ተከላካዩዋን ቀድማ ደረሰች። ጎሉ ፊት ለፊቷ አይደለም፤ ጀርባዋን ልትሰጠው ምንም አልቀራትም። ቀኝ እግሯን ዘርግታ በውጪው በኩል ነካችው። ንክኪ ብቻ ነው። ኳሷ አቅጣጫ ቀይራ መረቡ ውስጥ ገባች። ይህችን ጎል ዩቲዩብ ላይ እያዘገየሁ ደጋግሜ አይቻታለሁ፤ እግሯ ኳሷ ጋ እንዴት እንደደረሰ አሁንም አይገባኝም።

በፍጹም ቅጣት ምት 3 ለ 1። የመጨረሻውን የመታችው የ20 ዓመቷ ሳኪ ኩማጋይ ነች። ሳዋ ዋንጫውን አምበል ሆና ተቀበለች፤ በአምስት ጎል ኮከብ ግብ አግቢ፣ ደግሞም የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች። በጥር 2012 ኪሞኖዋን ለብሳ ዙሪክ ሄደች፤ አምስት ዓመት በተከታታይ ከብራዚላዊቷ ማርታ እጅ ያልወጣውን የዓለም ኮከብነት ወሰደች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ለለንደን ኦሎምፒክ ሲበሩ፣ የወንዶቹ ቡድን ቢዝነስ ክላስ ተቀመጠ፤ የዓለም ሻምፒዮኖቹ ከኋላ። ሳዋ በአደባባይ ተናግራበታለች። ሴቶቹ ብር ይዘው ተመለሱ፤ ወንዶቹ አራተኛ ሆኑ። በታኅሣሥ 2015 የመጨረሻ ጨዋታዋ የእቴጌ ዋንጫ፣ የጃፓን ሴቶች ጥሎ ማለፍ፣ ፍጻሜ ነበር። 1 ለ 0 አሸነፉ። ያገባችው እሷ ነች፤ በጭንቅላቷ።

ስለዚህ ከኔ ዝርዝር አንደኛ ሳዋ፣ ሁለተኛ ካማሞቶ። "ሴቶችና ወንዶች አይወዳደሩም" የሚል ይመጣል። እኔ ሩጫ አላወዳደርኩም። ሰማያዊውን ማሊያ ለብሶ ማን ምን ሠራ ነው ጥያቄው፤ ማሊያው ደግሞ አንድ ነው።

ጭቅጭቁ ሦስተኛው ላይ ነው። ያሱሂቶ ኤንዶ (የሊቨርፑሉ አይደለም) 152 ጨዋታ አለው፤ ከወንዶች ማንም አልደረሰበትም። ሲጫወት ግን የሚጣደፍ አይመስልም ነበር፤ ፍጹም ቅጣት ምት እንኳን ግብ ጠባቂውን እያየ አንከባሎ ነበር የሚያስገባው። ጓደኛዬ ኤንዶን ካላስቀመጥክ አልሰማህም ይለኛል። ሃሴቤም አለ፤ በሦስት የዓለም ዋንጫ አምበል። የካዙ ነገር ደግሞ አንጀት ይበላል። እኔ ግን ናካታ ነው የምለው፤ በሮማው ሳይሆን በጆሆር ባሩው። ሌላው ሁሉ የተጫወተባቸው የዓለም ዋንጫዎች የመጡት ያ በር ከተከፈተ በኋላ ነው። ኤንዶ አራተኛ ይሁን፤ ጓደኛዬም ቅሬታውን ያቅርብ። ሆንዳን ከነቂሜ አምስተኛ አድርጌዋለሁ።